መኪናችን ምን እያለችን ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍሉ የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። ሪፖርቱ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ ቁጥሩን መልሰን አናነብላችሁም። ይልቅ በሪፖርቱ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ስለተጻፈች፣ «የተሽከርካሪ ጥገና» ስለምትል ወጪ እንነጋገር። ባለፉት ወራት ከአባላት በብዛት የተጠየቅነው ስለ እሷ ነው። «መኪናዋ ተበላሽታለች ይባላል፣ እውነት ነው?» «ካምቢዮዋ ሊወድቅ ነው አሉ፣ ሳይብስ ለምን አትሸጥም?» ጥያቄው የሁላችሁም ስለሆነ መልሱንም ለሁላችሁም በአንድ ላይ ማቅረብ ይሻላል ብለናል። በንግግሩ መጨረሻም እጅ አውጥታችሁ የምትወስኑት ጉዳይ አለ።

መኪናዋ የማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። የዋጋዋ ግማሽ ከወርኃዊ መዋጮአችን የተጠራቀመ ነው፤ ግማሹ ከለጋሾች የተገኘ ነው። ያገለገለች ትንሽ የጃፓን መኪና ናት። በሰመራና በሎግያ ያሉ አባሎቻችን የሚሠሩትን ሰሌን ወደ አዋሽ ታመጣለች፤ ስትመለስ እህልና ሳሙና ትወስዳለች። የክልሉ ቢሮዎች ሰመራ ስለሆኑ በማኅበሩ ጉዳይ የሚሄዱትን ታደርሳለች። የታመመች እናት ይዛ ዱብቲ ሆስፒታል የደረሰችበትም ቀን አለ። ስለዚህ የመኪናዋ ነገር የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እሷ የቆመች ዕለት ገበያችንም አብሮ ይቆማል።

ያየነው ጸባይ

በመጀመሪያ የታየውን እንዳለ እንንገራችሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አልፎ ሰመራ የሚገባው መንገድ የጅቡቲ መንገድ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ መንገዱ ላይ ያለው ተሳቢና ከባድ መኪና አያልቅም። ትንሽ መኪና ይዞ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አንዱን ደርቦ ቀድሞ ሳይጨርስ ሌላው ከፊቱ ይጋረጣል። መቅደም ደግሞ ነዳጅ አጥብቆ መርገጥ ይፈልጋል።

ከአባሎቻችን አንዷ የሆነችው ሹፌራችን ያስተዋለችው እንግዳ ጸባይ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አራት ነገር ነው ያየችው።

አንደኛ፣ ነዳጅ አጥብቃ ስትረግጥ ሞተሩ ወዲያው ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን ወዲያው አይከተልም። የዙር ቆጣሪው 4,500 ወይም 5,000 ላይ ተተክሎ ይቆያል፤ መኪናዋ ከኋላው ቀስ እያለች ትደርሳለች።

ሁለተኛ፣ ቀድማ ጨርሳ እግሯን ስታነሳ ዙሩ ቶሎ አይወርድም። ለጥቂት ሰከንዶች 3,000 አካባቢ ተንጠልጥሎ ይቆይና ከዚያ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ ከእንዲህ ያለ ጉዞ በኋላ ፍጥነቷን ቀንሳ ከተማ ስትገባ፣ በ30 እና በ40 ኪሎ ሜትር መካከል፣ አስፋልት ላይ ሆና ኮረኮንች ላይ እንዳለች ትንቀጠቀጣለች።

አራተኛ፣ በጣም በሞቀ ቀን ሦስት አራት ከባድ መኪና በተከታታይ ከቀደመች በኋላ ነዳጅ ቢረገጥም ጉልበት አጣች። ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ቆማ ስትነሳ ግን ምንም እንዳልነካት ሄደች።

ወሬው የተነሳው ከአራተኛው ነው። «ካምቢዮዋ አለቀላት» ተባለ። እኛ ግን ወሬውን ወጪ አድርገን ከመመዝገባችን በፊት ነገሩን መረዳት ነበረብን።

ካምቢዮዋ እንዴት እንደሚሠራ

ካምቢዮዋ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማርሽ የሚባል ነገር የለውም። ሁለት ፑሌጃዎች አሉት፤ አንዱ በሞተሩ በኩል፣ ሌላው በጎማው በኩል። እያንዳንዱ ፑሌጃ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ሾጣጣ ብረቶች ናቸው። ብረቶቹ ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው ቺንጋ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲራራቁ ወደ ውስጥ ይገባል። በአንዱ ፑሌጃ ሲወጣ በሌላው ይገባል። በዚህ መንገድ ማርሹ ሳይቆጠር፣ ሳይንገጫገጭ፣ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሆላንዳዊው ሁብ ፋን ዶርነ ዳፍ 600 በተባለች ትንሽ መኪና ላይ ገጥሞ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የዚያን ጊዜው ቺንጋ ጎማ ነበር። የብረት ቺንጋ ያላቸው መኪኖች እንደ ሱባሩ ጀስቲ ያሉት በ1987 ገበያ ላይ ዋሉ። የዛሬው ቺንጋ በቀጭን የብረት ቀለበቶች ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ወደ 400 የሚጠጉ ትንንሽ ብረቶች ነው። በአገራችን እንደ ልብ ከምናያቸው ቪትዞች መካከል እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠሩት አውቶማቲኮች አብዛኞቹ ይህን ካምቢዮ የያዙ ናቸው። ስለዚህ የምንናገረው ስለ አንዲት መኪና ብቻ አይደለም፤ በየቤታችሁና በየዘመዶቻችሁ ቤትም ይኖራል።

እዚህ ላይ የወፍጮ ቤቱን ቺንጋ አስቡ። ወፍጮው ላይ እህል ሲበዛበት ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ይጮኻል፤ ይሸታል። ባለወፍጮው ያን ጊዜ ቺንጋውን ይወጥራል ወይም እህሉን ይቀንሳል። በመኪናችን ውስጥ ቺንጋው እንዳይንሸራተት ፑሌጃውን ጨምቆ የሚይዘው በግፊት የሚላክ ዘይት ነው። ዘይት ስንል ማለስለሻ ብቻ ይመስለናል። በሲቪቲ ውስጥ ግን ዘይቱ የሚጨምቅ እጅ ነው፤ ሙቀት የሚያወጣ ውኃ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ሳይፋጭ ግን ደግሞ ሳይንሸራተት እንዲይዝ የሚያደርግም እሱ ነው። ለዚህ ነው ለሲቪቲ የተሠራ የራሱ ዘይት ያለው። ለሌላ አውቶማቲክ የሚሆነውን ዘይት «ያው ነው» ብሎ መሙላት ካምቢዮውን ይገድላል።

ይህን ከያዝን አራቱን ጸባዮች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው በሽታ አይደለም። ነዳጅ አጥብቀን ስንረግጥ የመኪናዋ ኮምፒውተር ሞተሩን ጉልበት ወደሚያገኝበት ዙር ያወጣዋል፤ ከዚያ ፑሌጃዎቹ ቀስ በቀስ እየተለዋወጡ ፍጥነቱ ይደርሳል። በማኑዋል መኪና የለመደ ጆሮ «ፍሪሲዮን እየበላች ነው» ይላል። ፍጥነቱ ያለማቋረጥ እየጨመረ እስከሄደ ድረስ ጤና ነው። ዙሩ ድንገት ሽቅብ ዘልሎ ፍጥነቱ ግን ባለበት ከቀረ ወይም ከቀነሰ፣ ያ ሌላ ነው፤ ያ ቺንጋው መንሸራተቱን ሊያመለክት ይችላል፣ ወዲያው መቆም አለበት።

ሁለተኛውም ብዙውን ጊዜ ጤና ነው። እግራችንን ድንገት ስናነሳ ኮምፒውተሩ «ምናልባት እንደገና ትረግጥ ይሆናል» ብሎ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይጠብቃል። የሚቆየው ሰከንዶች ከሆነና ያለ ንቅናቄ ከወረደ አያስፈራም።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ፍጥነት ስንቀንስ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ዘይቱ ማርጀቱን፣ ግፊቱ መዋዠቁን ወይም ከቺንጋው በፊት ያለው መያዣ በደንብ አለመያዙን ይናገራል። ገና ስብራት አይደለም። ዝም ከተባለ ግን ወደ ስብራት ይሄዳል።

አራተኛው ራስን መከላከል ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። ልዩነቱ ረጅም መንገድ ላይ ስለተዘረጋ ሲመለሱም ዳገቱ እዚህ ግባ አይባልም። ነገር ግን በሐጋይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የብዙ ሲቪቲ ዘይት የሚቀዘቅዘው በሞተሩ ራዲያተር ውኃ ነው። ራዲያተሩ በአቧራና በነፍሳት ከተደፈነ፣ ጭነት ከበዛ፣ በላዩ መደጋገም መቅደም ካለ ዘይቱ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም። መኪናዋ ጉልበት ስታጣ እየሞተች አልነበረም፤ እንዳትሞት እያረፈች ነበር።

ሁለት ጋራዥ፣ ሁለት መልስ

መኪናዋን ሁለት ጋራዥ ወስደናታል። የመጀመሪያው ትንሽ ነዳት፣ ድምፁን ሰማና «ካምቢዮው ይቀየር፣ ያገለገለ እናመጣለን» አለን። ሁለተኛው ከመንዳቱ በፊት ጥያቄ ጠየቀ። መቼ? ስንት ሰው ተጭኖ? ከምን በኋላ? ጠዋት ነው ከሰዓት? መልሱ በእጃችን ነበር፤ ሹፌራችን ለሦስት ወር በደብተር ስትጽፈው ቆይታለች።

በደብተሩ ውስጥ መንቀጥቀጡ 14 ጊዜ ተመዝግቧል። 14ቱም ጭነት ሙሉ በነበረበትና ከባድ መኪና ደርባ ከቀደመች በኋላ ነው። 12ቱ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት የተመዘገበ አንድም የለም። መካኒኩ ይህን ሲያይ «ብረቱ የተበላ ቢሆን ኖሮ ጠዋትም ይታይ ነበር፤ መጀመሪያ ሙቀቱንና ዘይቱን እንይ» አለ።

በኮምፒውተር መረመራት፤ የዘይት ሙቀት ከልክ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት ተገኘ። ዘይቱ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል። መኪናዋን ስንገዛ ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ የሚነግር ወረቀት አብሮ አልመጣም ነበር። የራዲያተሩ ፊት በአቧራ ተለብጧል። ከታች ያለው ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ነበረ፤ ይህ በማንኛውም ያገለገለ ካምቢዮ የሚገኝ ነው። ቢያሰጋ ኖሮ የሚያሰጋው ስንጥር ብረት ነበር፤ ስንጥር አልተገኘም። ራዲያተሩ ታጠበ፤ ማጣሪያው ተለወጠ፤ በመኪናዋ መጽሐፍ የታዘዘው ዓይነት ዘይት ተሞላ፤ መጠኑም ዘይቱ በታዘዘው የሙቀት ደረጃ ላይ ሆኖ ተለካ። በሪፖርቱ ያያችሁት ወጪ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ የጠየቀን ከዚህ ከ10 እጥፍ በላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ 8 ደርሶ መልስ ተጉዛለች። መንቀጥቀጡ የተመዘገበው 1 ጊዜ ነው፤ ጉልበት ማጣቱ አልተደገመም። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ድናለች» አንላችሁም። «ደህና ናት፣ ደብተሩ ይቀጥል» ነው የምንላችሁ።

ደብተሩና ዳጉ

ከመካከላችሁ «ለአንድ መንቀጥቀጥ ደብተር ምን አስፈለገ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህን የምትመልሱት የአፋር እናቶቻችን ናችሁ፤ ዳጉን ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁና። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ በሽታውን፣ ሰላሙን። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይናገራል። መጨመርም መደበቅም ነውር ነው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ሰው መንጋውን የሚነዳው በተነገረው ላይ ተመሥርቶ ነው። መኪናዋም እንደዚሁ ናት። ያየነውን ሳንጨምርና ሳንደብቅ ለመካኒኩ ካልነገርን እሱ የሚያደርገው ግምት ነው፤ ግምቱን የምንከፍለው ደግሞ እኛ ነን።

ይህን ያነሳነው ሌላም ከባድ ነገር ስላለ ነው። ከአባላት የመጣ አንድ ሐሳብ አለ፤ «አሁን ጥሩ ሆናለች፤ ምልክቱን ከኮምፒውተሩ አጥፍተን፣ ወሬው ሳይሰፋ በጥሩ ዋጋ እንሽጣት» የሚል። ሐሳቡ ከክፋት አልመጣም። የማኅበሩ ገንዘብ እንዳይጠፋ ከመስጋት ነው። ስጋቱንም እኛ እንጋራዋለን።

ነገር ግን አስቡት። መኪናዋን የሚገዛት ማነው? በእቁብ ብር የምትገዛ እንደኛ ያለች ሴት፣ ወይም በእሷ እንጀራ ሊበላ የተበደረ ወጣት ነው። ሳናውቀው የተቀበልነውን የዘይት ታሪክ እኛ እያወቅን ደብቀን ብናስተላልፍ፣ በሒሳብ መዝገባችን ገቢ ሆኖ የሚታየው ብር ከሌላ ሰው ኪስ የወጣ ኪሣራ ይሆናል። ሕጉም ከዚህ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሚሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ከሕጉ በፊት ግን ስማችን አለ። ለጋሽ የሚያምነን፣ ነጋዴ በዱቤ የሚሰጠን በስማችን ነው። ስለዚህ የእኛ አቋም ግልጽ ነው፤ መኪናዋ ዛሬም ትሸጥ የዛሬ አምስት ዓመት፣ ደብተሩ ከቁልፉ ጋር አብሮ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ዋጋዋ ቢቀንስ ቅናሹን በመዝገብ እናሰፍረዋለን እንጂ አንደብቀውም።

ብናቆያትስ ምን ያስከፍለናል?

እኛ የምንመክረው እንድትቆይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉትን በእንክብካቤ ከማቆየት የተሻለ ምርጫ ለእንደኛ ዓይነቱ ማኅበር አይታየንም። ማቆየት ግን ምኞት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ይፈልጋል።

በውጭ አገር የሆነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ኒሳን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ለተሠሩ ሲቪቲ ላላቸው ሞዴሎቹ የካምቢዮውን ዋስትና ከ5 ዓመት ወይም ከ60,000 ማይል ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዝሟል፤ ይህም 193,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያገለገለ መኪና ገዝቶ አዋሽና ሰመራ ለሚያመላልስ ማኅበር እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ የለም። የእኛ ዋስትና ራሳችን የምናስቀምጠው መጠባበቂያ ነው።

ስሌቱ ይኸውላችሁ። አዋሽ ሰመራ ደርሶ መልስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወር 4 ጊዜ ብትሄድ 2,800 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 33,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሙቀትና በጭነት ለሚሠራ ሲቪቲ መካኒኮች ዘይቱ ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው እንዲለወጥ ይመክራሉ። እኛ በአፋር ሙቀት ስለሆንን ዝቅተኛውን እንያዝ፤ ስለዚህ በየ14 ወሩ ገደማ ዘይት እንለውጣለን ማለት ነው። በየኪሎ ሜትሩ 2 ብር ብናስቀምጥ በዓመት 67,200 ብር ይጠራቀማል። ይህ ብር ከመዋጮአችሁ አይወጣም፤ አሁንም ለዕቃ ማጓጓዣ ከምትከፍሉት ላይ ተነጥሎ በራሱ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል።

አንዳንዶቻችሁ «በሪፖርቱ ላይ የእርጅና ቅናሽ የሚል አለ፤ እሱ አይበቃም?» ብላችኋል። የእርጅና ቅናሽ የመኪናዋ ዋጋ በየዓመቱ ስንት እንደወረደ በወረቀት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ባንክ ብትሄዱ አታገኙትም። ዘይት በወረቀት አይገዛም፤ መጠባበቂያ የምንለው በእጅ ያለ ብር ነው።

ለለጋሾቻችንም በአክብሮት አንድ ነገር እንበል። መኪና ስትሰጡን ፎቶ እንነሳለን፣ እናመሰግናለን፣ እናንተም ትደሰታላችሁ። የዘይት ለውጥ ፎቶ የለውም። ይሁን እንጂ መኪናዋን ለማኅበሩ ጥቅም ሰጪ አድርጎ የሚያቆያት እሱ ነው። ለዕቃ ግዥ በምትሰጡት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የጥገና ወጪ ብታክሉበት፣ ወይም በበጀቱ ላይ እንድናሰፍረው ብትፈቅዱልን፣ የሰጣችሁት ስጦታ ዕድሜው ይረዝማል። ደብተሩንና የባንክ መግለጫውን በየሩብ ዓመቱ እናቀርብላችኋለን።

መንገድ ላይ የምንጠብቃቸው ነገሮች

ከሹፌራችንና ከመካኒኩ ጋር ሆነን ያወጣናቸው ደንቦች እነዚህ ናቸው። የሚመለከቱት ሹፌሯን ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪውንም ነው።

ጉዞ በተቻለ መጠን ንጋት ላይ ይጀመር። «ቁርስ ሳንበላ አንወጣም» የምንለውን ወደ ገዋኔ እናስተላልፈው። ጭነት ከልክ አይለፍ፤ «ይቺን ጆንያ ብቻ» ማለት ይቅር።

ከባድ መኪና ለመቅደም ሹፌሯን አናጣድፋት። ስትቀድም ግን በቂ ጉልበት ሰጥታ በአንድ ጊዜ ትጨርስ፤ መሀል ላይ ማመንታት ለካምቢዮውም ለነፍሳችንም አደገኛ ነው። ከአንዱ በኋላ ሌላውን ከመቅደሟ በፊት ጥቂት ደቂቃ በእርጋታ ትንዳ።

አሸዋ ውስጥ ጎማ እየተሽከረከረ ነዳጅ አይረገጥ። የሚሽከረከር ጎማ ድንገት ጠንካራ መሬት ሲነካ የሚመጣው ምት በቀጥታ ቺንጋው ላይ ያርፋል። ወርደን እንግፋ፤ ወይም አሸዋውን እንጥረግ።

ጉልበት ካጣች ዳር ይዛ ትቁም። የሞተሩ ሙቀት ደህና ከሆነና ቀይ መብራት ካልበራ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርጋ ሞተሩን ሳታጠፋ ትቆይ፤ ዘይቱ እየዞረ ይቀዘቅዛል። የሞተሩም ሙቀት ከወጣ ግን ሞተሩ ይጥፋ፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ ማንም አይክፈት።

ብትቆም በገመድ አትጎተት። የእኛ መኪና በፊት ጎማ የምትነዳ ናት፤ የፊት ጎማዋ መሬት ላይ እየተንከባለለ ብትጎተት የካምቢዮው ውስጥ ያለ ዘይት ይፋጫል። ተጭና ትሂድ፤ ወይም የፊት ጎማዋ ከመሬት ይነሳ። ሊረዳን የቆመ ደግ ሰው ገመድ ሲያወጣ ይህን በትሕትና መንገር የሁላችንም ነው።

ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀየር መኪናዋ ፈጽማ ትቁም። ዘይት የሚሞላላት በመጽሐፏ የተጻፈው ብቻ ይሁን፤ የዘይቱ ዕቃም ደረሰኙም ለሒሳብ ክፍሉ ይምጣ።

ምንም ነገር ከተሰማ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰው ብዛት፣ ከዚያ በፊት የተደረገው፣ የተሰማው፣ እስከ መቼ እንደቆየ። ማንበብና መጻፍ የማትችሉ እናቶች ለሹፌሯ ንገሯት፤ እሷ ትጽፈዋለች። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች እናት እግሯ ሥር የተሰማት ንቅናቄ መሪ የያዘችው ያልሰማችው ሊሆን ይችላል።

ለውሳኔ የቀረበ

እንግዲህ ሦስት ነገር እንድትወስኑ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መኪናዋ እንዳትሸጥና በአገልግሎት እንድትቀጥል። ሁለተኛ፣ በየኪሎ ሜትሩ 2 ብር በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ወጪውም በሦስት ፊርማ ብቻ እንዲሆን፤ አንዱ ፊርማ ከሰመራ አባላት ይሁን። ሦስተኛ፣ ወደፊት በማንኛውም ጊዜ ብትሸጥ ደብተሩ ከቁልፉ ጋር ለገዢው እንዲሰጥ።

መንቀጥቀጡ ከተመለሰና መካኒኩ ስንጥር ብረት ካገኘ እንደገና ጉባኤ እንጠራችኋለን፤ ያን ጊዜ ምክራችን ሊለወጥ ይችላል። እስከዚያው ግን በደብተሩ ያለው ማስረጃ የሚለን ይህን ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ የተለየ ሐሳብም ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።